ዘጠኝ የሸክላ ቤቶች

ጥቅምት 3 ቀን 1930

ሸክላ ሠሪዋ ዙሀራ ዘጠነኛውን አመጣች። የጉብታው መስጊድ፣ በስንዝር ሸክላ ሆኖ። መደቡ ላይ ከስምንቱ ጎን አስቀመጥኩት። የኬላው ቤት፣ የድሮው ግንብ በር፣ አምና የተቃጠለችው ማርያም... የቆመውም የፈረሰውም ጎን ለጎን።

"ሰው ከብት ያረባል፣ አንቱ የጭቃ ቤት ያረባሉ" አለችኝ። ትሳቅ። ቤት በየወሩ በሚቃጠልበት ዘመን ሌላ ምን ላርባ?

ሸክላ መተንፈሻ ካላገኘ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ሁሌ ከሥሩ ትበሳዋለች፤ ሲቀመጥ አይታይም። የመስጊዱን ግን የኋላ ግድግዳው ላይ አስበሳኋት፣ ልክ የኸልዋው በር ባለበት። ድሮ ሸኹ ለብቻቸው የሚቀመጡባት ጓዳ ናት። በሯን ቁልቋል ውጦታል፤ ከኢማሙና ከሁለታችን በቀር የሚያስታውሳት የለም። አሁን ሙሉ ሆነ፤ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 9

ወንድሜ ቃሲም መጣ። አርበኞቹ ጋ ከገባ ስድስት ወሩ። እግሩን በጥይት ተመቷል። ከኢማሙ ጋር ተሸክመን ኸልዋው ውስጥ አስገባነው... አላህ ይሰትረው።

ጥቅምት 12

የጣሊያኑ ካፒቴን ከአስተርጓሚው ከይልማ ጋር ቤቴ ገባ። ወሬ ሰምቶ ቤቶቹን ሊያይ ነው። የማርያምን ጣራ ወደደው። መስጊዱን ግን አነሳው። ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከተተና "በር ነው ወይ?" ብሎ በይልማ አስጠየቀኝ።

"ሸክላው የሚተነፍስበት ነው" አልኩ። ውሸት አይደለም።

"ሌሎቹስ?"

"ሁሉም አላቸው።"

መስጊዱን ይዞ ሄደ። ሌሎቹን ሰኞ ይወስዳል። የዚህ ብቻ ቀዳዳ ለምን ግድግዳ ላይ ሆነ አይልም? በገዛ እጄ የወንድሜን በር አሳየሁት። ምን ዓይነት ቂል ነኝ...

ጥቅምት 13

ቃሲምን ማንሳት አይቻልም። ትኩሳት ይዞታል፣ መንገዱ ወታደር ብቻ ነው። ዙሀራ አዲስ እንዳትሠራ፣ ጭቃ በሁለት ቀን አይደርቅ።

"የስምንቱንም ጀርባ እንብሳው" አልኳት።

"የተተኮሰ ሸክላ ይበሳል እንዴ ጋሼ?" ከዚያ ፊቴን አየችና ወስፌዋን አነሳች።

ጥቅምት 14

ለመብሳት እንዲለሰልሱ ውሃ ውስጥ አሳደርናቸው። ኬላው ተሰነጠቀ። ግንቡም፣ ሌሎች ሁለትም። ሳወርዳቸው ተሰበሩ እላለሁ... ሁሉም ከተሰበረ ግን ማን ያምነኛል? ሦስት ተረፉ። የሥራቸውን ቀዳዳ ደፈንን።

ማርያም ቀረች። "ይቺን እንተዋት" አለች ዙሀራ። እንዴት እንተዋት? ካጣት ይፈልጋታል፣ ካገኛት ይገለብጣታል። በሳናት። ለሁለት ተከፈለች። ዙሀራ አለቀሰች፤ እኔም።

ጥቅምት 15

ይልማ ቀድሞ ገባ። ቀዳዳዎቹን አየ፤ ጫፋቸው አዲስ መበሳቱን ያሳብቃል። አለቀልኝ አልኩ። እሱ ጣቱን ከምድጃው ጥላሸት ነክሮ ሦስቱንም ቀባቸው። ያን ሁሉ ቀን ስፈራው የኖርኩት ሰው።

ካፒቴኑ ጣቱን በየቀዳዳው ከተተ። ሳቀ። "ሁሉም ይተነፍሳሉ ይላል" አለ ይልማ። ስለተሰበሩት በጥፊ አጮለኝ። ይሁን። ሦስቱን ይዞ ሄደ።

ኅዳር 4

ቃሲም ሐሙስ ማጀቴ አገር ወዳሉት አርበኞች ሄደ። እያነከሰ፣ ግን በእግሩ። ባዶውን መደብ አይቶ "ቤቶችህስ?" አለኝ።

"ተሰበሩ።"

"ጭቃ አይደሉ? ይተካሉ።"

ስንቁን አሸክሜ ሸኘሁት።

ዛሬ ዙሀራ ጭቃ አቡክታ መጣች። ከማርያም እንጀምር አለች። መስኮቶቿ ስንት ነበሩ? እኔ ስድስት አልኩ፣ እሷ አራት። ስብራቷን ካፒቴኑ እንዳያገኘው ብዬ ወንዝ ጥዬዋለሁ። የሚቀድሱባት ቄስ አብረዋት ተቃጥለዋል፣ ሰበካው ተበትኗል። ማንን ልጠይቅ? ደጇ በየት በኩል ነበር... ስንከራከር ጭቃው እጇ ላይ ደረቀ።