ዜሮ ተብለው ስለተቆጠሩት አርባ አንድ ክሊኒኮች

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለተከበሩ የሽቦ አልባ ኢንተርኔት ማስፋፊያ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ይህን ደብዳቤ መጻፍ እንዳለብኝ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ የሚጠፋብኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ፤ ይህን ግን ወረቀት እያለቀብኝ ስለሆነ አልቀደውም። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በየጣሪያው ላይ ላስተከሏቸው አንቴናዎች በሙሉ ጤና እመኛለሁ።

አጎቴ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት አለው። ድርጅት ስል አንድ ምድር ቤት ክፍል፣ አራት ኮምፒውተርና እንደ ሽማግሌ የሚያስል አንድ ማራገቢያ ማለቴ ነው። ለክሊኒኮች የታካሚ ካርድ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ይሠራል። የእኔ ሥራ ማድረስ ነው፤ ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር አዲሱን በፍላሽ ይዤ በእግሬ ከክሊኒክ ክሊኒክ እዞራለሁ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኞችም መቀበላቸውን በደብተሬ ላይ ይፈርሙልኛል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከቢሮዎ የደረሰን ደብዳቤ ግን ፕሮግራማችን «ተጠቃሚ የሌለው» ስለሆነ ከነገ ዓርብ ጀምሮ ከመዝገብ እንደሚሰረዝና ከየክሊኒኩ እንደሚነሳ አበሰረን። ከተሰረዘ አጎቴ ክፍሉን ከመዝጋት ሌላ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ውለታዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ አቆጣጠርዎ። ቢሮዎ አንድ ፕሮግራም በሕይወት መኖሩን የሚያውቀው በሽቦ አልባው ኢንተርኔት ሲገናኝ ብቻ መሆኑን ከደብዳቤው ተረድተናል። አጎቴ ደግሞ ይህን ፕሮግራም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሲሠራ በአካባቢው ኢንተርኔት የሚባል ነገር ስላልነበረ፣ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጎታል። በዚህም ምክንያት አርባ አንድ ክሊኒኮች በእርስዎ ሰሌዳ ላይ ዜሮ ሆነው ታዩ። እኔ በሒሳብ ጎበዝ አልነበርኩም፤ ሆኖም አርባ አንድን ዜሮ የሚያደርገው ስሌት ጋ ሳልደርስ ትምህርት ማቋረጤ አሁን ይቆጨኛል።

2ኛ. ስለ ቅሬታ ማቅረቢያው። ቅር የተሰኘ ሰው ሁሉ በሽቦ አልባው ኢንተርኔት፣ በእሱም ብቻ፣ ቅጽ እንዲሞላ መፍቀድዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ኔትወርክዎ ወደ እኛ ምድር ቤት መውረድ ስለሚጠየፍ፣ አጎቴ በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ላፕቶፑን ታቅፎ ጣሪያ ላይ ከውሃው ታንከር አጠገብ ሲቀመጥ ሰነበተ። ቅጹ አሥራ ሁለት ገጽ ነው፤ አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ መስመሩ ይቋረጥና ከአንድ ያስጀምረዋል። በአምስተኛው ቀን ሲወርድ እንደ ልማዱ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን «የኔ ልጅ፣ እኔም መኖሬን እየተጠራጠርኩ ነው» አለኝና ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጋደም አለ።

3ኛ. ስለ ዘመናዊነት። ሽቦ አልባውን ጠልቼ እንዳይመስልዎት። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ካሉበት ሳይነሱ ፕሮግራማቸውን በአየር ላይ ያድሳሉ፤ እንደ እኔ ያለ እግረኛ አያስፈልጋቸውም። ከሁለቱ ፕሮግራመሮቻችን አንዱ ወደ እነሱ ሄዷል፤ አልፈረድኩበትም። ሆኖም ትእዛዝዎን ቀድሞ ፈጽሞ በእኛ ፋንታ የእነሱን የጫነው የገበያው ክሊኒክ ባለፈው ማክሰኞ ኔትወርክ ጠፍቶበት፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ካርዷ እስኪወጣ ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። እኔን ባየች ቁጥር «ዛሬም አፍሽን ቤት ትተሽው መጣሽ?» የምትለኝ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ፣ ያን ቀን ቀልዱን ትታ አሮጌውን ፕሮግራም መልሼ እንድጭንላት ለመነችኝ። ጫንኩላት። ካርዱም ወዲያው ወጣ። ፊርማዋን ተቀብዬ ስወጣ በእርስዎ ዜሮ ላይ ሌላ ዜሮ እንደጨመርኩ ይገባኝ ነበር።

4ኛ. ይህ ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ከሁለት ወር በፊት ሁለት ባለሙያዎችዎ ወደ ክፍላችን ሲመጡ አጎቴ አልነበረም፤ ብቻዬን ነበርኩ። አንደኛው «ስንት ተጠቃሚ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብተሩ ጭኔ ላይ ነበር። ግን አፌ ተሳሰረ፤ አንገቴን ደፋሁ። እሱም ትንሽ ጠብቆ «መረጃ የለም» ብሎ ጻፈና ሄዱ። አጎቴ ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም፤ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ስለምተውለት ከእርስዎ ጋር እኩል ያነበዋል። ባለሙያዎችዎ ግን ደብተሩን ገልጠው ለማየት እጃቸውን ባለመዘርጋታቸው ለድካማቸው ስለተጠነቀቁ አመሰግናለሁ።

በመዝገብዎ ላይ የሌለ ድርጅት የሠራውን፣ የሌለ ፕሮግራም፣ ለሌሉ ተጠቃሚዎች በእግሯ የምታደርስ፣ እርስዎን ግን ከነሙሉ ክብርዎ መኖርዎን የማትጠራጠር፣

አድራሿ ልጅ

ሳልረሳው፦ በመሥሪያ ቤትዎ ሕንጻ ምድር ቤት ያለው የሠራተኞች ክሊኒክ በደብተሬ ውስጥ አሥራ ሰባተኛው ነው። በዚያው ማክሰኞ ከፎቁ አንድ የተከበሩ ሰው ጉንጫቸው አብጦ ሲወርዱ፣ ካርዳቸው ያለ ኢንተርኔት በግማሽ ደቂቃ እንደተገኘ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ እየሳቀ ነግሮኛል፤ ማን እንደሆኑ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ጥርስዎ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደብተሬን ይዤ በርዎ ላይ እቆማለሁ። ባለሙያዎችዎ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱን ከትናንት ጀምሮ መስታወት ፊት እየተለማመድኩት ነው፤ ድምፄ ቢንቀጠቀጥም እለዋለሁ፦ አርባ አንድ።