ሶላሬን ቀይ ቀለም ላስቀቡልኝ ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ የመንደራችን ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ በተለይም የሰው ጣሪያ አንጋጠው ለሚመለከቱበት አንገትዎ ዕረፍት እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ላስቸግርዎ ስላልፈለግኩ ነው። መጥቼማ ነበር፣ ያውም ደጋግሜ። ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስትነግረኝ ከበሩ ወዲያ የእርስዎ ሳቅ ይሰማኝ ስለነበር፣ ስብሰባው መልካም እየሄደ መሆኑን ተረድቼ ደስ ብሎኝ ተመልሻለሁ።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ከመሰብሰቢያ አዳራሹ ጋር አጥር የምትዋሰነው አዋላጅ ነርስ ነኝ። በየመንገዱ ብስክሌት እየነዱ አበባዎን ከሚረግጡብዎ ሕፃናት ብዙዎቹን ወደዚህ ዓለም ሲመጡ የተቀበልኳቸው እኔ ስለሆንኩ፣ በአበባው ጉዳይ በከፊል ተጠያቂ መሆኔን አልክድም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልጀምር። የምሠራበት ሐኪም ቤት ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው፤ ምጥ ደግሞ የነዳጅ ሰልፍ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተማክረን፣ ያለችንን ጥሪት አሟጠን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። ለእርስዎ ያለኝ ምስጋና የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፤ መኪናዋ ገና አዲስ ሳለች በመንደሩ መብራት ሲጠፋ፣ ጥፋተኛውን ፍለጋ ጊዜ ስላላባከኑ አመሰግናለሁ። ትራንስፎርመሩን የጎዳችው የእኔ መኪና መሆኗን ያለ ባለሙያ እርዳታ ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ሐኪም ቤቱ ግቢ ቆማ በዋለችባቸው ቀናት ሳይቀር፣ እሷው ናት ተባለ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ ሆነና ነገሩ፣ ብከራከርም ሰሚ አላገኘሁም። በመጨረሻም የጋራዤን ሶኬት በማኅበሩ ማኅተም አሸጉና፣ ከመንደሩ መስመር አንዲት ጠብታ እንዳልነካ፣ መብራት ካስፈለገኝም የራሴን እንድፈልግ አዘዙኝ።

ሁለተኛ፤ የታዘዝኩትን ፈጸምኩ። የራሴን መብራት ፈልጌ ሰማይ ላይ አገኘሁት። ጣሪያችን ላይ አሥራ ሁለት የሶላር ፓነሎች አስተከልን። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ የእኔዋ ላም ግን በየቀኑ ትታለብ ነበር። ከአዳር ተረኝነት ገብቼ ጥቂት ጋደም ብዬ ስነሳ መኪናዋ ጠግባ ትጠብቀኛለች። ጭስ የለ፣ ድምፅ የለ፣ የማንንም ትራንስፎርመር መንካት የለ። ይህ ሁሉ ሰላም አላስተኛዎት ኖሮ ስለ ጣሪያዬ ጠቅላላ ጉባኤ ጠሩ።

በጉባኤው ቀን እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ። ማይኩ አልሠራ ሲል ከኮሚቴዎ አንዱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ትንሽ መብራት እንድሰጣችሁ ለመነኝ፤ እኔም ጎረቤት ነኝና ገመዱን አሻገርኩለት። ስለዚህ ጣሪያዬ የመንደሩን ውበት እንደሚያጠፋ ለሕዝቡ የተነገረው ከዚያው ጣሪያ በወረደ መብራት ነው። ድምፅዎ ጥርት ብሎ ተሰምቷል፤ እንኳን ደስ አለዎት። ደንቡ የሁሉም ጣሪያ ቀይ ይሁን ስለሚል፣ የእኔ በመካከላቸው እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያል አሉ። አንድ ጎረቤቴ ፓነሎቹ ይነቀሉ ብለው ነበር። እርስዎ ግን ደግ ሰው ነዎትና መካከለኛ መንገድ አገኙ፤ ፓነሎቹ ይቆዩ፣ ነገር ግን እንደ ሌላው ጣሪያ ሁሉ ቀይ ይቀቡ።

እጄን አውጥቼ፣ ፓነል ቀለም ከተቀባ ብርሃን እንደማያገኝ፣ ብርሃን ካላገኘ ደግሞ ከቆርቆሮ እንደማይሻል በትሕትና ለማስረዳት ሞከርኩ። እርስዎ በእኔው መብራት በሚሠራው ማይክ የመለሱልኝን እስክሞት አልረሳውም።

«ሲስተር፣ ፀሐይ እኮ ቀለም አትመርጥም፤ ለቀዩም ለጥቁሩም እኩል ነው የምትወጣው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ውሳኔውም ከእኔ በቀር በሁሉም ድምፅ ጸደቀ። እውነቱን ልንገርዎ፣ አነጋገሩ ያምር ስለነበር እኔም ሳላውቀው አጨብጭቤያለሁ።

ሦስተኛ፤ የውሃ ቧንቧችን ይጠገን ተብሎ ከተወሰነ ልጆች አድገው ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ የእኔ ጣሪያ ውሳኔ ግን በዚያው ሳምንት ተፈጸመ። እኔ ሥራ ላይ፣ መምህሩ ባለቤቴም ክፍል ውስጥ ሳለን ቀለም ቀቢው መሰላሉን ይዞ መጣ። ቀቢው አይወቀስም፤ እጁ የተባረከ ሰው ነው። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር ሸፍኖ፣ ደህና የዘይት ቀለም ሁለት እጅ አልብሶልኛል፤ ግድግዳዬ ላይ አንዲት ጠብታ አልወደቀችም። ሰባቱን እንደጨረሰ ቀለሙ አለቀበት። የቀለሙን ግዢ ላሳነሱት ገንዘብ ያዥ የከበረ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ አምስቱ ፓነሎቼ የተረፉት በእሳቸው ቁጠባ ነው። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ ጨርቅ በቀለም ማስለቀቂያው በአኳራጅ እየነከረ ጣሪያ ላይ ነው የሚያመሸው። ቀለሙ በመጠኑ ይለቃል፤ መስታወቱም አብሮ ይጫጫራል። ጣሪያ ላይ ያዩት ጎረቤቶች ተጣልተን ያባረርኩት መስሏቸው ሊያስታርቁን መጥተዋል።

ለሚከተለው ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ቁጥር የሚሰጠው ዓይነት ነገር አይደለም።

በቀደም ለት ደመና በዋለበት ቀን፣ ዳገቱ ላይ የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ ሚስት ድንገት ምጥ ያዛትና ተጠራሁ። አምስት ፓነል በደመና የሚችለውን ያህል ሰጥቶ ነበር፤ ያ ደግሞ ከዳገቱ ወገብ አላለፈም። መኪናዋን እዚያው መንገድ ዳር ትቼ ቦርሳዬን አንግቤ ሮጥኩ። ስደርስ ልጁ ተወልዷል፤ እናቱ ደሟ ይፈስሳል፤ አማቷ ፎጣ ታቅፈው ያለቅሳሉ። በስንት መከራ ደሙን አቆምኩት፤ በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት ደርሳ ተርፋለች። እኔ በሥራዬ ብዙ ደም አይቻለሁ፤ ያን ቀን ግን ፈራሁ። ከፍርሃቱ በኋላ የመጣው ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ እነዚህን የጨዋ ቃላት የምደረድርልዎም እሱን በጥርሴ ነክሼ ነው። እዚያች ሴት ቤት በጊዜ ሊያደርሰኝ የሚችለው የፀሐይ ብርሃን ከዚያ በፊት በነበሩት ጠራራ ቀናት ሁሉ ጣሪያዬ ላይ ሲወርድ ሰንብቷል፤ ግን ከቀለምዎ በላይ ቀረ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ወይ ሰባቱን ፓነሎቼን እንደነበሩ ይመልሱልኝ፣ ወይ የታሸገውን ሶኬቴን ይክፈቱልኝ። ሁለቱም ከደንቡ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ በዚህ መንደር ምጥ የያዛት ሴት ስትጠራኝ በምን እንደምደርስ ጉባኤ ጠርተው ይወስኑልኝ። በዕለቱ መብራት ቢጠፋ አይጨነቁ፤ ገመዱ እንደተለመደው በአጥሩ በኩል ነው። አምስት ፓነል መኪና ዳገት ማውጣት ቢያቅተው ማይክ ማናገር አያቅተውም።

ረጅም ዕድሜ፣ ብዙ ጉባኤና የማይለቅ ቀለም እየተመኘሁልዎ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣ ሰባት አሥራ ሁለተኛው የደንብዎ ታዛዥ፣ ቀሪው ግን ገና ፀሐይ የሚያየው ጎረቤትዎ፣

አዋላጅ ነርስዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እርስዎ ዘንድ የገባችው ልጅዎ ክትትሏ ከእኔ ጋር ነው። ጽንሱ ደህና ነው፤ ቀኗም ደርሷል። ትናንት እጄን ጭብጥ አድርጋ ይዛ «ሲስተር፣ ስደውልልሽ ትደርሺልኛለሽ አይደል?» አለችኝ። እደርሳለሁ አልኳት። ቤትዎ ከፀጉር አስተካካዩም ቤት አልፎ፣ ዳገቱ አናት ላይ ስለሆነ፣ ምናልባት ደመና ቢሆን ብዬ የሩጫ ጫማ ገዝቼ ከቦርሳዬ ጋር በሩ ሥር አስቀምጫለሁ። የማኅበሩን ደንብ እንዳልጥስ ቀዩን ነው የመረጥኩት።