ድመት የምትማርበት ዴስክ

ውድ አራሚዬ፣

እንዴት ነሽ? የእኅትሽስ ጉልበት ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ሐኪሙም ደህና ነህ ስላለኝ ነው። ራሴን ብቻ ምስክር አድርጌ የምናገርበት ዘመን አልፏል፤ ለምን እንዳለፈ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምን እንደምሠራ ብነግርሽ ወረቀቱን እዚሁ ላይ ልታጥፊው ትችያለሽ፤ ስለዚህ ቶሎ ተናግሬ ልገላገል። በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ፣ ልጆች በኮምፒውተር ንድፍ መሥራት ይማሩ እያልኩ እለምናለሁ። አዎ፣ በዚያው በኮምፒውተር። የንድፍ ክፍላችንን ጠረጴዛዎች አስወጥቶ ቦታቸው ላይ በተቀመጠው። ያን ቀን ሠራተኞቹ ካርቶኑን ሲከፍቱ ቀይ እርሳስሽን ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ ቆመሽ አየሽና፣ "ይሄን ዕቃ አንተ ጠብቀው፤ እኔ የማርመው ሰው ነው" ብለሽኝ ወጣሽ። ብዙም ሳትቆዪ ጡረታሽን ጠይቀሽ እኅትሽ ጋ ሄድሽ። እኔ ቀረሁና ዕቃውን ጠበቅኩ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሥዕሎቼ ንጹሕ ሆነው ይመለሱልኝ ጀመር። አንድ ቀይ መስመር የለም። "ይህ ደረጃ ወጥቶ ወጥቶ ጣሪያውን በግንባሩ ሊመታ ነው?" የሚል የለም። "ይህን በር የሚከፍት ሰው ሆዱን የት ያስቀምጥ?" የሚል የለም። መጀመሪያ ላይ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ለካ የሚያነባቸው ሰው የለም።

ልጄ በስልክ፣ "አባዬ፣ አሁን እንኳ አርፈህ ቁጭ በል እንጂ" ይለኛል። ሞክሬው ነበር። ሁለት ክፍል ቤት አርፎ ለሚቀመጥ ሰው በጣም ሰፊ ነው። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን የምከፍተው ለሥራ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ማራገቢያው ሲያጉረመርም ጓዳ ገብቶ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ያለ ይመስላል። ስዘጋው ደግሞ፣ የሠራኸውን ላስቀምጠው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ቤቴ ውስጥ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ስለሆነ አንድም ቀን እምቢ ብዬው አላውቅም። አንዲት መስመር ስቤ መልሼ ያጠፋሁ ቀን እንኳ አዎ፣ አስቀምጠው እለዋለሁ።

የሄድኩበት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ዘበኛ በር ላይ አስቆመኝ።

"አባባ፣ የማን አያት ነዎት?"

"የማንም።"

"ታዲያ ምን ፈልገው ነው?"

መልሱን ሳዘጋጅ ደወል ተደወለና ልጆቹ በግራና በቀኜ እየተጋፉ ወጡ፤ እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ሌላው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሞልቶታል፤ እንዳይበላሽ ብለው ቆልፈውበታል። በመጨረሻ እዚህ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ ምራቃቸውን የዋጡ ሴት ናቸው፣ አሮጌ ማሽኖችና ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን ክፍል ሰጡኝ። "እስቲ ይሞክሩት፣ አባቴ" አሉኝ። ልጆቹ ወዲያው ስም አወጡልኝ፤ ጋሼ ክሊክ ነኝ።

የማስተምረው ቀላል ነገር ነው። የምትኖሩበትን ክፍል ለኩና ሥሩት እላቸዋለሁ። አንዷ ልጅ ቤታቸውን ሠራችው፤ አንድ ክፍል ነው። ከላይ አየችው፣ በጎን አዞረችው፣ ከዚያ ሥዕሉ ላይ አልጋውን ከበሩ ኋላ አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። በማግስቱ እናቷ ክፍሌ በር ላይ ቆመዋል።

"አልጋዬን ያዞረብኝ ሰውዬ የቱ ነው?"

"እኔ ነኝ፣ እመቤቴ" አልኩ። ምን እላለሁ?

"በሩ እኮ እስከ ግድግዳው ተከፈተ!" አሉኝ እንደ መቆጣት ብለው። "እዚያ ቤት ስገባ ስወጣ በጎኔ ነበር የምሄደው። ለካ ሙሉ በር ኖሮናል!"

ይህን በጊዜው ለማን እንደምነግረው ሳስብ ቤቴ ደረስኩ። ለልጄ ደወልኩለት፤ ስብሰባ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ርዕሰ መምህርቷ የወላጅ ኮሚቴውን ጠርተው ክፍሉ ይቀጥል አይቀጥል ሊወስኑ ሆነ። እኔም ልጆቹ አንድ ዴስክ ይንደፉ፣ ሰፈሩ ያለው አናጢ ይሥራው፣ ኮሚቴው በዓይኑ ይየው ብዬ አቀረብኩ። መነሻውን ንድፍ ራሴ ሠራሁላቸው። ቀጥሎ የምጽፈውን ለአንቺ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ቢሆንም ልጻፈው። በወረቀት ዘመናችን ዴስክን የሚያህል ነገር ወረቀቱ ስለማይችለው አንድ ለአምስት አሳንሰን እንስልና ልኩን ሙሉውን እንጽፍበት ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ዕቃው በእውነተኛ መጠኑ ነው የሚሠራው፤ ልኩንም ማሽኑ ራሱ ይጽፈዋል። ይህን ለልጆቹ ስንት ጊዜ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እጄ ግን ከእኔ ጋር ጡረታ አልወጣም። እኔ ስለ ሌላ ነገር እያሰብኩ እሱ ሁሉንም በአምስት እያካፈለ ሠራው። ፕሪንተሩ ደግሞ ወረቀቱን ሞልቶ ስላወጣው ሥዕሉ ሲያዩት ደህና ዴስክ ነው። ቁጥሮቹን ልጆቹ አይተዋል፤ ጋሼ ያሉት ነው ብለው አለፉ። ማሽኑም አመነኝ።

በቀጠሮው ቀን አናጢው ዴስኩን በፌስታል ይዞት መጣ።

"ዴስኩስ?" አልኩት።

"ይኸው!"

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሥዕሉ ያለው ነዋ፣ ጋሼ! እኔ ደሞ ለናሙና መስሎኝ ያችን መሳቢያ ሳስገባ ዓይኔ ሊጠፋ!"

ምን ልበልሽ፣ ሥራው ያምራል። ከፍታው ስንዝር አይሞላም። ኮሚቴው ፊት ጠረጴዛ ላይ ጉብ አለ። ከዚያ ከኋላ አንድ አባት፣ "ድመት ልታስተምሩ ነው እንዴ?" አለ። አልጋቸው የዞረባቸው እናት ሳቃቸውን ለመያዝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ነበር፤ መጀመሪያ ያመለጣቸው እሳቸውን ነው። ልጆቹም አናጢውም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅኩ ዞር ብዬ ከኋላዬ ያለውን ባዶ ቦታ አየሁ። ከልማድ ነው፤ ስሳሳት የምትቆሚው እዚያ ነበር።

በኋላ ርዕሰ መምህርቷ ቢሯቸው አስገብተው ሻይ አስመጡልኝ። ሻይ ሲመጣ ነገሩ እንዳልቀና ገባኝ።

"አባቴ፣ ዴስኩ አያስጨንቀኝም" አሉ። "ማንም ይሳሳታል። የሚያስጨንቀኝ፣ ስንት ሰው አይቶት ማንም 'ኧረ ቆይ' አለማለቱ ነው። እነዚህ ልጆች እርስዎን አምነው ይሳሳታሉ። አብሮዎት የሚያይ ሌላ ሰው ያምጡ። እስከ ሰኞ ካልመጣ ክፍሉን ለተሰበሩ ወንበሮች እፈልገዋለሁ።"

እውነታቸውን ነው። ተከራክሬ ላሸንፋቸው የምችላቸው ሴት ቢሆኑ ደስ ይለኝ ነበር።

"ሰው አለኝ" አልኩ። "ሰኞ ትመጣለች።"

"ማን ናት?"

"በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድም ቀን ያላመነችኝ ሴት ናት።"

ርዕሰ መምህርቷ ሻያቸውን አስቀመጡ። "ይቺ ትሁነን" አሉኝ።

እንግዲህ የተናገርኩት ውሸት ነው፤ ቢያንስ ይህን እስክጽፍልሽ ድረስ ውሸት ነው። ኮምፒውተሩን እንድትነኪው አልጠይቅሽም። ዕቃውን አሁንም እኔ እጠብቀዋለሁ። ያንቺ ሥራ ከልጆቹ ኋላ እየተዘዋወርሽ፣ "ይሄ ምንድን ነው? እስቲ አስረጂኝ" ማለት ብቻ ነው። ይፈሩሻል፤ ቀጥሎ ይወዱሻል፤ ቅደም ተከተሉን ከራሴ አውቀዋለሁ። ማረፊያ ካስፈለገሽ እኔ ቤት አልጋዬ አለ፤ እኔ ልጄ በነበረበት ክፍል እተኛለሁ። ሰዉ ምን ይላል ካልሽ፣ በዚህ ዕድሜያችን ሰው ስለኛ አንድ ነገር ቢል ውለታ ነው።

ባትመጪ አልቀየምሽም። ክፍሉ ወንበር ይሞላል፣ ልጆቹ ወደ ኳሳቸው ይሄዳሉ፣ እኔም አርፌ እቀመጣለሁ። ይህን ያልኩት ሆድሽን ለማባባት አይደለም፤ የሚሆነው እሱ ስለሆነ ነው።

እሑድ ከሰዓት አውቶቡስ መናኸሪያው መውጫ በር ላይ እቆማለሁ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ አልሄድም። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ ዓይኔ ከሩቅ ፊት መለየት ትቷል። ትንሽ ራቅ ብለሽ ብታልፊ ላላውቅሽ እችላለሁና፣ ቀድመሽ ካየሽኝ ጥሪኝ። ድምፅሽን አልስተውም።

የጠረጴዛ ጎረቤትሽ