የልብ ማዳመጫ ስለ መንጠቅ ወንጀላችን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እርስዎ ደኅና ካልሆኑ የእኛን ደኅንነት የሚያውጀውን ማስታወቂያ ማን ይፈርምልናል? እኛ የሕፃናት ክፍል ሐኪሞች ተመስገን ነው፣ አለን፤ ቆመን እንተኛለን፣ እየሄድን እንበላለን፤ የገዛ ልጆቻችንም ፎቶግራፋችንን አይተው ስለሚያውቁ ቤት ስንገባ አይደነግጡም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት በምስጢር የጻፍኳቸው መልስ ስላላገኙ ነው። ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ አልተቀየምኩም። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን መለየት ስለ ቸገረኝም አደባልቄ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ/ «የደከመው ሐኪም ሳያፍር እርዳታ ይጠይቅ» የሚል ባለ ቀለም ማስታወቂያ በየመተላለፊያው ስላስለጠፉልን እግዜር ይስጥልን። ሥዕሉ ላይ የምትስቀው ሐኪም ፊቷ እንዴት ወዝ አለው! የምትሠራበት ሆስፒታል ቢነገረን ሁላችንም ማመልከቻ እናስገባ ነበር።

፪ኛ/ ጎናችንን የምናሳርፍባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን፤ አልጋዋ አንድ እግሯ በጡብ የተደገፈ ቢሆንም ታስተኛ ነበር። በእርስዎ ትእዛዝ አልጋዋ ወጥታ ጠረጴዛና የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ገባ፤ በሩም ላይ «የሐኪሞች ድካም መከላከያ ጽሕፈት ቤት» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ልንጎበኘው በሄድን ቁጥር ተቆልፎ እናገኘዋለን፤ ኃላፊው የዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው ይሉናል። ቢያንስ አንድ ሰው በማረፉ ደስ ብሎናል።

፫ኛ/ አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በክፍላችን ከታላላቆቻችን የወረስነው ልማድ አለ። አንዱ ሐኪም ነገሩ ከአቅሙ በላይ እንደ ሆነበት ያየ ባልደረባው፣ አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ የልብ ማዳመጫውን ከአንገቱ ላይ ያወልቅለታል፤ የተወለቀለት ያለ ክርክር ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ በሽተኞቹን ያወለቀው ይረከባል። ምክንያት አይጠየቅበትም፣ ውለታም አይቆጠርበትም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሕፃን ሞተችብን። ሲያክማት የሰነበተው፣ ታሞ ቀርቶ ስለማያውቅ «ብረቱ» የምንለው ባልደረባችን ነበር። ለእናቷ መርዶውን ነግሮ ሲመለስ እጁን ሊታጠብ ቧንቧ ከፈተ፤ ከዚያ መታጠቡን ማቆም አቃተው። ሳሙናው አልቆ፣ ቆዳው ቀልቶ፣ ተራ የሚጠብቁ ወላጆች እያዩት ይታጠባል። ዋና ነርሳችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ ቀስ ብለው ቧንቧውን ዘጉና «በቃህ ልጄ፣ እጅህ ንጹሕ ነው» አሉት። ያን ጊዜ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኔም ማዳመጫውን አወለቅሁለት፣ ሸኘሁት፣ በሽተኞቹንም ተረከብኩ። ሳይታይ የቀረ አንድም ሕፃን አልነበረም።

በማግሥቱ ለእርሱ «ሥራውን ያለ ፈቃድ ጥሎ በመሄዱ» የእገዳ ደብዳቤ፣ ለእኔ ደግሞ «የሌላ ባልደረባን መሣሪያና ኃላፊነት በመንጠቅ» ማስጠንቀቂያ ደረሰን። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው። ዓርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቦ ከሥራ ይሰናበት አይሰናበት የሚለውን ይወስናል ተብለናል። በጎደሉት ሐኪሞች ምትክ እንዲቀጠር ስንለምን በሩን የዘጋብን ቢሮ፣ ዛሬ ጥፋቱን የሦስት ሰው ሥራ ሲሠራ በኖረ ሰው ላይ መለጠፉ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ ይህንንም የምለው በፍጹም አክብሮት ነው።

፬ኛ/ ማስጠንቀቂያዬ ማኅተም የለውም። ሳሎን ልሰቅለው ስላሰብኩ ይታተምልኝ።

የተከበሩ ሆይ፣ ደብዳቤዎ «ድርጊቱ እንዳይደገም» ይላል። ይደገማል። ነገም አንዱ ባልደረባዬ ሲንገዳገድ ባይ አወልቅለታለሁ፤ የእኔ ቀን ሲመጣም የሚያወልቅልኝ አለ። ብረቱን ቤቱ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ማልቀሱን እንደ ነውር ቆጥሮ ከሚስቱ እንኳ ፊቱን ያዞራል። ይህ ሰው ቢሰናበት ዳግመኛ ሕፃን የሚያክም አይመስለኝም፤ ይህን ሳስበው አንጀቴ ይቃጠላል። ስለዚህ ዓርብ፣ አልጋ ላይ ያለ አንድም ሕፃን ያለ ሐኪም ሳንተው፣ ተራ ተከፋፍለን ከኮሚቴው ፊት እንቆማለን። በክፍላችን ያለ ሐኪም ሁሉ ወይ አውልቋል ወይ ተወልቆለታል። እርሱን ካሰናበቱ የሁላችንንም ደብዳቤ አብረው ያዘጋጁ፤ ወረቀት ካጠረ ከማስታወቂያዎቹ ጀርባ መጻፍ ይቻላል።

ጆሮዬን ለትእዛዝዎ፣ እጄን ግን ለባልደረቦቼ የሰጠሁ፣ ገና ብዙ ማስጠንቀቂያ የምጠብቅ፣ አክብሮቴ የማይነጥፍ፣

የሕፃናት ክፍል ሐኪም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከእገዳው በፊት ከቢሮዎ የወጣ አንድ የጥሪ ወረቀት አሁንም በዋናው በር ላይ አለ። በወሩ መጨረሻ «ድካምን ድል መንሣት» በሚል ርእስ በሚሰጠው ሥልጠና ላይ፣ ለዓመታት አንድም ቀን ፈቃድ ሳይጠይቅ ያገለገለ አርአያ ሐኪም ልምዱን ያካፍለናል ይላል። ፎቶግራፉ የብረቱ ነው፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ወረቀቱ ይነሣ ወይስ ይቆይ፣ ኮሚቴውን ጠይቀው ያሳውቁን።