የቅሬያችን ሰባተኛ አንቀጽ

ሐሙስ

«የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ ክቡራንና ክቡራት የቅሬያችን አባላት…» ከዚህ በኋላ ብዕሩ ቆመ። በፍርድ ቤት በዳኝነት ሳገለግል፣ ጡረታ ወጥቼም የመርሳ ሰፈራችንን ቅሬ በሊቀ መንበርነት ስመራ፣ ንግግር አስቸግሮኝ አያውቅም። እሑድ ለጉባኤው የማቀርበው ግን ይከብዳል። ሞተን ስንቀበር የሚደርስልን ቅሬ፣ የታመመ አባሉንም እንዲረዳ ልጠይቅ ነው።

የታመምኩት እኔ መሆኔን እዚህ ማንም አያውቅም። የአንጀት ካንሰር ነው። ደሴ ከታዘዘልኝ ስምንት ዙር መድኃኒት አራቱን ወስጃለሁ፤ አምስተኛው ማክሰኞ ነው። ጎረቤት ሲጠይቀኝ የጡረታ ጉዳይ ይዤ ነው የምመላለሰው እላለሁ። እስካሁን የሄዱት፦ ውርጌሳ የነበሩኝ ሁለት በሬዎች፣ የጓሮው ባሕር ዛፍ፣ ፍሪጁ፣ የነፍሰ ኄር ባለቤቴ የአንገት ወርቅ። ወርቁን የሸጥኩ ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ

የቅሬውን ደንብ አወጣሁት። የእጅ ጽሑፌ ነው። አንቀጽ ሰባት፦ «ቅሬው ለቀብርና ለሐዘን እንጂ ለሕመም ወጪ አያደርግም።» ከሦስት ዓመት በፊት የሽንኩርት ነጋዴው ሰይድ ለባለቤቱ ለዘሃራ የጡት ካንሰር ሕክምና እርዳታ ሲጠይቅ፣ ይህንኑ አንቀጽ በትሕትና አነበብኩለት። ዘሃራ ስትሞት ድንኳኑ በሰዓቱ ተተከለ። ገንዘቡንም እኔው በሁለት እጄ አቀበልኩት። «አሁን ደረሰ» አለ። 

ከሰዓት በኋላ የሠርግ ጥሪ መጣ። ከስሜ በፊት «ክቡር» ተብሎ ተጽፏል። ክቡር ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። አሞኛል ብዬ ብቀር ይሻላል። ውሸትም አይሆንም።

ቅዳሜ

ወልድያ ሄጄ የአምስተኛውን ዙር መድኃኒት ገዛሁ። የመጨረሻው ገንዘቤ ነበር።

ስመለስ ሚኒባሱ ሲሪንቃ ቆመና ሰይድ ገብቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ከከረጢቱ ብቅ ያለውን የኪኒን ሳጥን አየ። «ዘሃራም ይችን ትውጥ ነበር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሳጥኑን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጥቂት እንደተጓዝን፣ «ብቻዎን ነው የሚመላለሱት ጋሼ?» አለኝ። መንገዱ አጭር ነው አልኩት። «ለጤነኛ ነው አጭር» አለ።

መርሳ ስንደርስ ሒሳቤን ከፍሏል። ልመልስለት ስል፣ «እኔ ከዳኛ ጋር ክርክር አልችልም፤ ዝም ብለው ይውረዱ» ብሎ ሳቀ።

ቤት ገብቼ በማሻሻያው ሐሳብ መጨረሻ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «ይህ ማሻሻያ ሐሳቡን ያቀረበውን አባል አይመለከትም።» ለሰይድ የነፈግኩትን ለራሴ መጠየቅ አልቻልኩም።

እሑድ

አቀረብኩ። የማሻሻያውን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አንብቤ ቀና ስል ሰይድ እጁን አውጥቷል። ሊወቅሰኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ማሻሻያውን እንደሚደግፍ፣ የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ግን እንድትሰረዝ ጠየቀ። ሼሁ ምክንያቱን ጠየቁት። «እሱን እሳቸው ያውቃሉ» ብሎ ተቀመጠ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «የታመምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ያን ሁሉ ዘመን ፍርድ ሳነብ ድምፄ እንዲያ ተሰብሮ አያውቅም።

ቄሱ ዛሬውኑ ይጽደቅ አሉ፤ ሼሁም ተስማሙ። ነገር ግን ደንቡ ማሻሻያ በሁለት ጉባኤ ይነበብ ይላል። ያንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስታወስኳቸው። ከኋላ አንዲት እናት፣ «ታመውም ደንብ አይለቁም እኮ» አሉ፤ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለሚቀጥለው ወር ተቀጠረ።

ሰኞ

ማለዳ ሰይድ መጣ። ሽንኩርቱን ለወንድሙ ትቶ ነገ ደሴ አብሮኝ ሊሄድ ነው። «አብሽሩ። ሲመለሱ የትኛው ወንበር እንደሚሻልዎት አውቃለሁ» አለኝ። ከዘሃራ ጋር በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ያኔ አልጠየቅኩትም ነበር። ዛሬ ጠየቅኩት። ብዙ አወራኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ስድስተኛው ዙር ከሁለተኛው ንባብ በፊት ይደርሳል። ከየት እንደሚከፈል አላውቅም።

ትናንት ድምፄ ስለከዳኝ የንግግሬን መዝጊያ አላነበብኩም። እዚህ ይስፈር። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አቶ ሰይድ፣ ስለ ዘሃራ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለቅሬያችን ሁለተኛ ንባብ የተቃና ውጤት እመኛለሁ፤ በጉባኤው ላይም ለመገኘት አስባለሁ።