አባትሽ ያልመረጣት ካምሻፍት

ለውዷ የወንድሜ ልጅ ለሮዌና፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ አንገስስ ጉልበቱ ተሻለው? ትንሿ ልጅሽ ታቢታ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም እንደ እኔ በድዷ ነው የምትስቀው? የታዝማኒያ በጎችስ ሐኪማቸውን አንቺን መርገጥ ተዉ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አባትሽም ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው።

ቅዳሜ የብራምሊ አቀበት የመኪና ውድድር ነበር። አባትሽ በ1968 ያንን አቀበት በአርባ አንድ ሰከንድ ወጥቶ ከዚያ ወዲህ ራሱን አሸንፎ እንደማያውቅ አንቺም ታውቂያለሽ። አሁን የግራ እጁ ጣቶች እየደረቁ ስለሆነ ሐኪሙ ከዚህ ዓመት በኋላ ውድድር በቃህ ብሎታል። የመጨረሻ ዕድሉ ነበረች።

የአሮጌዋን የኤምጂ መኪናውን ሞተር ያደስኩት እኔ ነኝ። አባትሽ «የውድድሯን ካምሻፍት ግጠምልኝ፤ የአሮጊት መኪና አልነዳም» ብሎ አዘዘኝ። ቫልቮቹ መቼና ምን ያህል እንደሚከፈቱ የምትወስነው ካምሻፍቷ ናት፤ ሞተር ጠባዩን የሚያገኘው ከእሷ ነው። ያቺ እሱ የሚወዳት ሞተሩ ሲጮህ እሳት ናት፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ግን እንቅልፍ ይወስዳታል። ስለዚህ ትልቁ ጥምዝ ላይ በግራ እጅ ወደ አንደኛ ማርሽ መመለስ ግድ ነው። በሚያዝያ ጣቶቹ እዚያው ላይ ከዱትና መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ከድንጋዩ ግንብ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ይህን እናትሽ አታውቅም፤ እንዳትነግሪያት።

እኔም ከዝቅተኛ ፍጥነት ጀምራ የምትጎትተውን፣ ጥምዙን በሁለተኛ ማርሽ የምታልፈውን ለዘብተኛዋን ገጠምኩ። ለእሱ ግን «እንዳዘዝከኝ አድርጌያለሁ» አልኩት።

የቀረው ድምፁ ነበር። የውድድሯ ካምሻፍት ሚኒሞ ላይ፣ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲዞር፣ ታነክሳለች፤ ለዘብተኛዋ አታነክስም። ስለዚህ እንድታነክስ የአንዱን ካርቡራተር ብሎን ትንሽ አላላሁት። አነካከሷ እንዴት ያምር እንደነበር! ጎረቤታችን ፐርሲ እንኳ ሰምቶ «ሴድሪክ፣ አንተ ጨካኝ፣ ይህን አውሬ ለገዛ ወንድምህ ትሰጣለህ?» አለኝ።

በመጀመሪያው ዙር አርባ አራት ሰከንድ ፈጀ። ከመኪናዋ ወረደ። አየኝና ኮፈኑን ከፈተ። «ሴድሪክ፣ ካቻቢቴ አቀብለኝ» አለኝ። የያዝኩትን የሥጋ ፓይ አስቀምጬ የራሴን አቀበልኩት። በቀኝ እጁ ያችኑ ብሎን አንድ ጊዜ ዞር አደረጋት። ሞተሩ ማነከሱን ተወና እንደ ስፌት መኪና ለስልሶ ተንሾካሾከ።

እዚያ የቆመው ሁሉ ሞተር የሚያውቅ ሰው ነውና የውድድሯ ካምሻፍት እንዳልተገጠመች ገባው። ፐርሲ ወደ አባትሽ ዞሮ «ክሌም፣ ይቺ እኮ የቄሱ መኪና ናት!» ብሎ ሲጮህ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። የአባትሽ አንገት ቲማቲም መሰለ። ሁለተኛውን ዙር ትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ፣ እስክንሞትም የማያነጋግረኝ መሰለኝ። እሱ ግን የራስ ቁሩን አጠለቀና «ስመለስ እንነጋገራለን» ብሎኝ ሄደ።

ከታች ሆኖ ጥምዙ አይታይም፤ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ሞተሩ ወደ ጥምዙ ሲደርስ ድምፁ ወረደ፣ ወረደ። ጆሮዬን ቀስሬ ማርሽ ሲቀየር፣ ወይም ብረት ከድንጋይ ሲላተም ጠበቅኩ። አንዱም አልመጣም። ከዚያ እንደገና እያጉረመረመች መጎተት ጀመረች። በድምፅ ማጉያው ሰዓቱ ሲነገር ለካ የ1968ቱን በሁለት አስረኛ ሰከንድ ስቶታል።

ሲመለስ «ያቺኛዋ የት አለች?» አለኝ።

«የዶሮ ቤቴን በር ደግፌባታለሁ» አልኩት። አውራ ዶሮዬን ስለሚፈራ እዚያ እንደማይፈልጋት አውቃለሁ።

«ሁለት አስረኛ አሳጣኸኝ፣ አንተ ሌባ!» ካለ በኋላ ጓንቱን አውልቆ የግራ እጁን አሳየኝ። ጣቶቹ አልዘረጋ ብለዋል። «በእሷ ቢሆን ኖሮ ግንቡ ላይ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎም «ያቺን ከእኔ በቀር ማንም አይነዳትም ነበር፤ የምወዳትም ለዚሁ ነው። ይቺን ግን ሮዌናም ትነዳታለች» ብሎ የመኪናዋን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

ቁልፉን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ለጥፌልሻለሁ። ቀስ ብለሽ ላጪው።

እናትሽ ዊኒ የላከችው ሹራብ ለታቢታ ልክ መሆኑን ጻፊልኝ ትላለች። አንገስን ጉልበቱን በሙቅ ጨርቅ ያሻሽ በይልኝ። ታቢታን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ ካቻቢቴዬን ግን እስካሁን አልመለሰልኝም።

አጎትሽ ሴድሪክ
ሉድሎው፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1994