ዘጠና ሳንቲሜትር በስሜ

ለክቡር ዶን ኦክታቪዮ ኤቻጉዌ
የሴሮ ትሬጊል የበረዶ መንሸራተቻ ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ፣ ጉልበትዎም ቁርጭምጭሚትዎም እንደ ነበሩ እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን የምመኘው ለወጉ ያህል አይደለም። በዚህ ክረምት ከእርስዎ ተራራ ላይ ሙሉ አጥንት ይዞ መውረድ የዕድል ጉዳይ ስለሆነ ነው።

እኔ ኤውሴቢዮ ካትሪላኦ፣ ሃያ ስድስት ክረምት ሙሉ ጎህ ሲቀድ የበረዶ መለኪያውን ዘንግ እያነበብኩ ቁጥሩን ለሸለቆው ሬዲዮ ስነግር የኖርኩ፣ ባለፈው ጁን በክብር የተሸኘሁ ጡረተኛ ነኝ። ስሜ የተቀረጸበትን የመዳብ ሰሌዳ ሰጥታችሁ እኔን ስታሰናብቱ፣ ስሜን ግን ሥራ ላይ እንዳስቀራችሁት ያወቅሁት በማግስቱ የማቴ ሻዬን እየጠጣሁ ሬዲዮ ስከፍት ነው። አንባቢዋ ሰማንያ ሁለት ሳንቲሜትር እንዳለ፣ የመንሸራተቻ መስመሮቹ ሁሉ ክፍት እንደሆኑ፣ የለካውም ኤውሴቢዮ ካትሪላኦ እንደሆነ በሚያምር ድምፅ ተናገረች። እኔ በዚያ ሰዓት ገና ካልሲዬን አላጠለቅሁም ነበር። እግሬ ሳይነቃነቅ ተራራ ወጥቼ እንድመለስ ስላደረጋችሁኝ አመሰግናለሁ።

የቀረውን ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጠዋለሁ፤ ሥራ አስኪያጆች ቁጥር እንደምትወዱ አውቃለሁ።

፩ኛ. ስለ ዘንጉ አዲስ ማረፊያ። ዘንጉ የኖረው በዛፎቹ መሀል ባለው ሜዳ፣ ነፋስ በረዶውን በማይጠርግበትም በማይቆልልበትም ቦታ ነበር። ቦታውን ለመምረጥ እኔና ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለት ሰዎች ብዙ ክረምት ፈጅቶብናል። እናንተ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነቅላችሁ ከማሽን ጋራዡ ጀርባ ተከላችሁት። እዚያ የምሥራቁ ነፋስ ከተራራው የሰበሰበውን ሁሉ ይደፋል፤ ነፋሱ የደከመው ዕለት ደግሞ በረዶ የሚተፋው ማሽን አጠገቡ ቆሞ ያግዘዋል። እኔ በጡረታዬ ያላገኘሁትን ምቾት ዘንጉ አገኘ።

፪ኛ. ስለ ቋንቋችሁ። እኔ ለሬዲዮ የሚነበበውን የበረዶ መግለጫ ስጽፍ ድንጋይ ካለ ድንጋይ አለ፣ መስታወት የመሰለ በረዶ ካለም ያዳልጣል እያልኩ ሰዉን ሳሰለች ኖሬያለሁ። አሁን ድንጋዩ «ተፈጥሯዊ ገጽታውን የጠበቀ መሬት»፣ የሚያዳልጠው «ለፈጣኖች የሚመች መስመር»፣ ከታች ያለው ጭቃም «የጸደይ መንፈስ ያለው መዳረሻ» ሆኗል። ባለፈው ቅዳሜ ይህን ውበት በዓይኔ ልየው ብዬ «የበቅሎ ጀርባ» ወደተባለው መስመር በእግሬ ወጣሁና ማስመሪያ ብሰካ አሥራ አንድ ሳንቲሜትር አገኘሁ። ከሥሩ የእሳተ ገሞራው ጥቁር ድንጋይ ነው። መግለጫው ዘጠና ይላል፣ በእኔ ስም።

፫ኛ. ይኸኛውን በትሕትና ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ዶኛ ኔሊዳ ሶቶማዮርን ያውቋታል፤ በጣቢያችሁ ምግብ ቤት በየማለዳው የሚቀርበውን ዳቦ የምትጋግረው እሷ ናት። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ እሁድ፣ ምድጃዋን ዘግታ የአባቷን አሮጌ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ይዛ ትወጣለች። በዚህ እሁድ የበቅሎ ጀርባን ስትወርድ ስኪዋ በድንጋዩ ተያዘና እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ምድጃ ፊት ቆማ መዋሏን እንድትረሳው ነግሯታል። ልጠይቃት ሆስፒታል ስሄድ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ይልቅ እሷ ልታጽናናኝ ሞከረች።

«ጡረታ ወጣ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችኝ፤ «ግን ጠዋት ጠዋት ስምህን ሲጠሩ ልኬቱን አልተወም ማለት ነው አልኩ። አንተ ዘጠና ካልክ ዘጠና ነው ብዬ ነው የወረድኩት፣ ኤውሴቢዮ።»

አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ጥፋቱን ሁሉ ለእርስዎ ማሸከም ደግሞ አግባብ አይሆንም። በጁላይ ሁለት ጊዜ ቢሮአችሁ መጥቼ ስሜን እንድታነሱልኝ ለምኛለሁ፤ አንዲት ትሑት ወጣት ስሜ «የጣቢያው ሀብት» እንደሆነና ሰዉ እንደለመደው አስረዳችኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ግን አልመጣሁም። እውነቱን ለመናገር ስሜ በየማለዳው በሬዲዮ ሲጠራ ደስ ይለኝ ነበር። ዳቦ ሰልፍ ላይ ሰው ባርኔጣውን ያነሳልኛል፤ የተረሳሁ አይመስለኝም። ለዚያች ትንሽ ደስታ ስል ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን ኔሊዳ በእግሯ ከፈለችው።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። በረዶውን ዘጠናም በሉት መቶ ዘጠና፣ ዘንጉንም ከፈለጋችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትከሉት። ከቁጥሩ ሥር ግን የራስዎን ስም ያስነብቡ። ኦክታቪዮ ኤቻጉዌ ለሬዲዮ የሚያምር፣ ሙሉ ስም ነው፤ ሰውም ሰምቶ የሚመስለውን ያደርጋል።

በጎ ፈቃድዎ እንደ መግለጫዎ የተትረፈረፈ እንዲሆን፣ መንገድዎም ሁሉ ከተፈጥሯዊ ገጽታ የጸዳ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄና አንገቴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ ያለ ፈቃዱም አሁንም በሥራ ላይ ያለ፣
ኤውሴቢዮ ካትሪላኦ
ኦገስት 14

ማስታወሻ፦ እሁድ ጠዋት ጸሐፊዎ እቤቴ ደውላልኝ ስለነበር ሳላመሰግን ብቀር ነውር ይሆንብኛል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዶን ኤውሴቢዮ፣ ይቺ በእኛ መካከል ትቅር፤ የአለቃዬ ልጅ ከሳንቲያጎ መጥታ በበቅሎ ጀርባ ካልወረድኩ እያለች ነው። አለቃዬ እሱን ጠይቂው ብለውኝ ነው፤ የምርዎን ስንት አለ?» አለችኝ። አሥራ አንድ አልኳት። ልጅዎ ያን ዕለት ከቤት ሳትወጣ መዋሏን ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። እኔና ጸሐፊዎ ስንነጋገር ሬዲዮው ከበስተኋላዬ ዘጠና ይል ነበር፤ ዶኛ ኔሊዳም ያንኑ እየሰማች ጫማዋን ታስር ነበር።